የምንጥለው የት ይገባል? ስለ ቤትና ስለ ፋብሪካ ቆሻሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ማዳበሪያውን አስረን በር ላይ እናስቀምጣለን። የማህበሩ ልጆች በጋሪ መጥተው ያነሱታል። በቃ፣ ከዓይን ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን የሚጠይቁኝ ሰዎች ግን ጥቂት አይደሉም። ጎረቤት ይጠይቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል፣ ዘመድ ይጠይቃል። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ የአዲስ አበባና የአዋሽ ናቸው። በቅርብ የማውቀው እሱን ነው።

በር ላይ ያስቀመጥኩት ቆሻሻ የት ይሄዳል?

ከጋሪው ወደ ሰፈሩ ገንዳ ይገባል። ከገንዳው በመኪና ተጭኖ ወደ ረጲ ሲሄድ ኖሯል። ብዙዎቻችን ቦታውን የምናውቀው ቆሼ በሚለው ስሙ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ ተቀብሏል። ስፋቱ 37 ሄክታር ገደማ ነው። ሲጀመር ከከተማው ዳር ነበር። ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ከበበችው። ሲጀመር ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ነገር አልተነጠፈም። የሚወርደውን የሚሰበስብ ቱቦም አልተዘረጋም። ዝም ብሎ መከመር ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ስለ ቆሻሻ ሲነሳ ያን ቀን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በላያቸው የተናደው የመላው ከተማ ጥራጊ ነው። የእኔም ቤት ማዳበሪያ እዚያ ውስጥ ነበር።

ከዚያ አደጋ በፊት ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ ነበር። ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና ፍሳሹን አንችልም አሉ፤ ለከብቶቻቸውና ለውሃቸው ፈሩ። በ2008 ክረምት ተዘጋ። መኪኖቹ ተመልሰው ቆሼ ገቡ። ያን ክረምት አዲስ አበባ የነበረ ሰው ገንዳዎቹ ሞልተው አስፋልት ላይ የፈሰሰውን አይረሳውም። እኔ በገበሬዎቹ አልፈርድም። የሌላ ሰው ቆሻሻ ደጄ ላይ ይከመር የሚል ማን አለ?

የምግብ ትራፊ እኮ በስብሶ አፈር ነው የሚሆነው። ምን ጉዳት አለው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ጓሮ ላይ ቢጣል አየር ያገኛል፣ ትሉም ጉንዳኑም ይሠራበታል፣ አፈር ይሆናል። ያው ልጣጭ በፌስታል ታስሮ ከሜትሮች ክምር በታች ሲቀበር ግን አየር አያገኝም። አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። በ20 ዓመት ሲታሰብ ከ80 እጥፍ ይበልጣል። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ፍሳሹ ነው። እርጥቡ ቆሻሻ ሲበሰብስ ጥቁር፣ አሲድነት ያለው ጭማቂ ያወጣል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይጨመርበታል። ይህ ጭማቂ ቁልቁል ሲወርድ በመንገዱ ያገኘውን ያሟሟል። የባትሪ ድንጋዩን፣ የተሰበረውን ሞባይል፣ የቀለም ጣሳውን ያገኛል። ከዚያ ወደ ከርሰ ምድር ውሃና ወደ ወንዝ ነው። ለብቻው ንጹሕ የነበረው ልጣጭ ለመርዙ ማጓጓዣ ሆነ ማለት ነው። መለየት፣ መለየት እያልኩ ሰው የማሰለቸው ለዚህ ነው።

ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቶ የለ? አልተፈታም?

ተሠርቷል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው የታቀደው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ የከተተ ሰው ችግሩን ይረዳዋል። የእኛ ቆሻሻ እርጥብ ነው። የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የወጥ ትራፊ የሚወጣቸው ሙቀት መጀመሪያ ውሃቸውን ለማትነን ያልቃል። የአውሮፓ ከተሞች የሚያቃጥሉት ወረቀትና ማሸጊያ የበዛበት፣ ደረቅ ያለ ቆሻሻ ነው። ከተቃጠለ በኋላም አመድ ይቀራል። አመዱ ደግሞ በጥንቃቄ መቀበር አለበት። ስለዚህ ጣቢያው ራሱ እኛ ቤት ለይተን እንድናወጣ ይፈልጋል።

የቤት ቆሻሻ ነው የሚብሰው ወይስ የፋብሪካ?

በብዛት የቤት፣ በመርዝነት የፋብሪካ። አጭሩ መልስ ይህ ነው። ችግሩ ሁለቱ ተለያይተው አለመኖራቸው ነው። ገንዳው አንድ ነው። ወንዙም አንድ ነው።

የአቃቂ ወንዝ ውሃ መጨረሻው የት ነው?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ በሐሳቡ ቢጓዘው ደስ ይለኛል።

ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ይነሳሉ። እላይ ሲነሱ ንጹሕ ናቸው። ከተማው ውስጥ ሲገቡ የሽንት ቤቱ፣ የሆቴሉ፣ የጋራዡ፣ የሆስፒታሉ፣ የፋብሪካው ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል። ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ትልቅ ጣቢያ አለ። ነገር ግን ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘው ቤት ገና ብዙ ነው። ሁለቱ ወንዞች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ነው። ዛሬ ላዩ እምቦጭ ያለበሰው ውሃ ነው። ከሰውና ከሳሙና የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእምቦጭ ማዳበሪያው ነው፤ እየመገብነው እንነቅለዋለን።

ከአባ ሳሙኤል ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ቆቃ ላይ በሞጆ ወንዝ በኩል የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ይጨመራል። እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ። ከቆቃ በታች አዳማ ውሃውን አጣርታ ትጠጣለች። ወንጂ ሸንኮራ ያጠጣበታል፣ ከዚያ መተሐራ። ከዚያ አፋር። አፋር ውስጥ ሰውም ግመልም ፍየልም ከዚያው ይጠጣል።

አሁን ዋናው ነገር። አዋሽ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ውሃው ይተናል። ብረቱ፣ ጨውና ኬሚካሉ ግን አይተንም። በመንገድ ላይ ባለው ደለል፣ በእርሻው፣ በከብቱ ሥጋ ወይም በሐይቁ ወለል ይቀመጣል። አባይ ላይ የሚጣል ነገር ቢያንስ ከአገር ይወጣል ብሎ ራሱን የሚያታልል ሰው ይኖር ይሆናል። አዋሽ ላይ ይህም የለም። ወንዝ ውስጥ የደፋነው ሁሉ እኛው ዘንድ ነው ያለው።

ቆዳ ፋብሪካ ለምን ተለይቶ ይነሳል?

ሥራው ብዙ ውሃና ብዙ ኬሚካል ስለሚፈልግ ነው። ከአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ፀጉር፣ ስብ፣ ቁርጥራጭና ፍሳሽ ነው። ለዚያው አንድ ቶን ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይሄዳል። ፀጉሩ የሚነሳው በኖራና በሰልፋይድ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ከዚያ ይመጣል። ከዚያ ቆዳው ክሮም ከሚባል ብረት በተሠራ ኬሚካል ይለፋል። በተለመደው አሠራር ከተጨመረው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው። ቀሪው ካልተያዘ ከውሃው ጋር ይወጣል።

ለማልፋት የሚጠቀሙበት የክሮም ዓይነት ያን ያህል አደገኛ አይደለም። ቁርጥራጩ ሲቃጠል ወይም ሁኔታው ሲመቸው ግን ወደ ሌላው ዓይነት፣ ክሮም ስድስት ወደሚባለው ሊቀየር ይችላል። እሱ ካንሰር አምጪ ነው።

ቴክኖሎጂው አለ። ክሮሙን ከፍሳሹ ለይቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል፣ ገንዘብም ያተርፋል። እኔን የሚያናድደኝ ማጣሪያ የሌለው ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ማጣሪያ ሠርቶ ለመብራትና ለኬሚካል ወጪ ሲል የማያስነሳው ይበልጥ ያናድደኛል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲሄድ ይጠፋል። ከአንድ ፋብሪካ በታች የሚኖሩ ሰዎች ነገሩን ወንዙን በማየት ብቻ ያውቁታል። ማታ ማታ ቀለሙ ይቀየራል።

በወንዝ ዳር የሚበቅለውን ሰላጣና ቆስጣ መብላት እንችላለን? በአቼቶ ብናጥበውስ?

መጀመሪያ አቼቶው። ሰላጣን በደንብ አጥቦ አቼቶ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ ጀርሙንና የጥገኛ ትሉን እንቁላል ይቀንሳል። ስለዚህ አትተውት። ሥሩ ከአፈር የጠጣውን እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ክሮም ግን አያወጣም። እሱ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። መቀቀልም ብረትን አያጠፋም።

በአቃቂ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህ ብረቶች እንዳሉ ደጋግመው አሳይተዋል። ቅጠላ ቅጠል ይበልጥ ይይዛል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ ያሰጋሉ። አንድ ቀን በልቶ የሚታመም የለም። አደጋው በዓመታት መጠራቀሙ ነው፣ በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል።

አልሚዎቹን መውቀስ ግን ይከብደኛል። ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በዚያች መሬት ነው። ውሃውን አላቆሸሹትም። የምትችሉ ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ግዙ። ቅጠሉን ከአንድ ቦታ ብቻ ሁልጊዜ አትግዙ። ጓሮ ወይም በረንዳ ካላችሁ ቆስጣ በትንሽ ቦታ ይበቅላል።

ፌስታል ተከልክሏል አይደል? ለምን አሁንም ይታያል?

ሕጉ አዲስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን ስስ ፌስታል ማምረትና ማስገባት እንዳይፈቀድ አድርጎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዋጅ አጸደቀ። የላስቲክ ከረጢት ማምረት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም የሚያስቀጣ ሆነ።

ፌስታል ቀላል ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ነፋስ ያበረዋል። ክረምት ሲገባ ቱቦውን ይደፍናል፣ ጎርፉም ቤት ይገባል። ከብት ይበላዋል። የጨው ወይም የምግብ ሽታ ስላለው በግና ላም ይውጡታል፤ ሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም። በልተው ይከሳሉ። ሲታረዱ ሆዳቸው በፌስታል ተጠቅልሎ የሚገኙ አሉ። በዓለም ደረጃ ከፕላስቲክ ቆሻሻ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፌስታል ከዚያም ውስጥ የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። ስለሆነም ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ይሻላል። እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው።

ማንሻ መኪና በማይደርስበት ሰፈር ቆሻሻውን ባቃጥለውስ?

ደረቅ ቅጠል ከሆነ ጎረቤትን ከማጨስ በቀር ብዙ ጣጣ የለውም። እሱም ቢሆን በስብሶ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ቢሆን ይሻል ነበር። ፕላስቲክ ያለበትን ግን በፍጹም። ሜዳ ላይ ሲቃጠል ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፣ በደንብ አይነድም። ከአንዳንዱ ፕላስቲክ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ሰውነት ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቆያል። ጭሱም መጀመሪያ የሚደርሰው ያቀጣጠለው ሰው ሳንባ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ከሰል በፌስታል ወይም በጀሪካን ቁራጭ የሚያቀጣጥሉ እናቶችና እህቶች ብዙ ናቸው። ቶሎ ስለሚይዝ ነው። ምድጃው ላይ ቡና ይፈላል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ ልጅ አጠገቡ ይቀመጣል። እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ። ደረቅ እንጨት፣ ጭራሮ ወይም ካርቶን ይበቃል።

ቆራሌው የሚወስደው ምን ይሆናል?

ቆራሌውን የከተማችን ትልቁ የመልሶ ጥቅም ባለሙያ አድርጌ ነው የማየው። ብረት፣ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ የተሰበረ ወንበር፣ ሁሉንም ዋጋ ያወጣለታል። ልዋጮቹም አሮጌ ልብስና ጫማ በዕቃ ይለውጣሉ። የተሰበሰበው አብዛኛው መርካቶ ይገባል። ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው የድሮ በርሜል ምጣድ ማስቀመጫ ሲሆን፣ የመኪና አካል የከሰል ምድጃ ሲሆን አይቷል። ሃይላንዱ ደግሞ ይፈጭና ለፋብሪካ ይሸጣል።

ማንም ደመወዝ አይከፍላቸውም። ጓንት የሌላቸው፣ በስለት የሚቆረጡ፣ ሌባ ተብለው ከግቢ የሚባረሩ አሉ። ቢያንስ ለእነሱ የሚሆነውን ከእርጥቡ ለይተን ንጹሕ አድርገን እንስጣቸው። በወጥ የራሰ ካርቶን ለማንም አይሆንም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮምፖስት ይሠራል?

ይሠራል። ክዳን ያለው ባልዲ ግዙ፣ ጎንና ሥሩን ብሱት፣ ከሥሩ ሰሃን አድርጉ። ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ። ለአንድ እፍኝ እርጥብ ሁለት ሦስት እፍኝ ደረቅ ያስፈልገዋል፤ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የእንጨት ፍቅፋቂ። በየጥቂት ቀኑ አገላብጡት። ሥጋና ዘይት ያለው ወጥ አይግባ፣ ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል። ከሸተተ ደረቁ አንሷል ማለት ነው። በሁለት ሦስት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። ጤና አዳምና በሶብላ በጣም ይወዱታል።

የገጠር ቤት ይህን ሳይማር ያውቀዋል። አተላው ለከብት፣ ትራፊው ለዶሮና ለውሻ፣ አመዱ ለዕቃ ማጠቢያ ነበር። የሚጣል ነገር ከቤት ብዙም አይወጣም ነበር።

የባትሪ ድንጋይና አሮጌ የመኪና ባትሪ ምን ላድርግ?

የባትሪ ድንጋዩን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅሙ። ብቻ ከእርጥብ ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት። ልጅ አይጫወትበት። የመኪናና የሶላር ባትሪ ውስጥ እርሳስና አሲድ አለ። ግቢ ውስጥ ሰብሮ አሲዱን መሬት ላይ የሚደፋ ገዢ ካያችሁ አትሽጡለት። አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ለሱቁ መልሱ።

ፋብሪካ ላይ ቁጥጥር ሲጠብቅ ሥራ አይዘጋም?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ልጆቻቸው ፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ሐዋሳን ተመልከቱ። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ጀምሮ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የታቀደው። አብዛኛው ውሃ ተጣርቶ ወደ ምርት ይመለሳል። ውድ ነው፣ መብራት ይበላል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ቀለም የትም አይሄድም።

ቡና ማጠቢያውም እንዲሁ። በጅማና በሲዳማ የመልቀም ወቅት ሲደርስ የእሸት ቡናው ቅርፊትና ሙጫ ወንዝ ውስጥ ይለቀቃል። ተፈጥሮ ነው፣ መርዝ የለውም ይባላል። ሲበሰብስ ግን የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይሞታል፣ የታችኛው ሰፈር ሰው ቆዳው ያሳክከዋል። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ቬቲቨር ሣር የተተከለበት ማጣሪያ፣ ቅርፊቱን ለኮምፖስት። ማሳው እዚያው አጠገቡ ነው።

ወንዝ ሲበከል ባይ ለማን ልናገር? ጉዳት ያልደረሰበት ሰው መክሰስ ይችላል?

ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት እንዲችል አድርጓል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ስለዚህ አቤቱታውን በጽሑፍ ስጡ፣ ኮፒው ላይ የገባበትን ቀን አስፈርሙ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ፍሳሹ የሚለቀቀው ማታ ከሆነ ማታ አንሱት። ከጎረቤት ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ይፈርም። ውሃውን በእጃችሁ አትንኩ።